ሌሊት አምስት ጊዜ

እናቴ ከደብረ ብርሃን የምትደውልልኝ ብዙ ጊዜ ስለ ቅቤ ወይም ስለ ለቅሶ ነው። የዚያን ቀን ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባትሽ ሌሊት አምስት ጊዜ ደጅ ይወጣል» አለችኝ።

እኛ ቤት «ሽንት» የሚባል ቃል የለም። ደጅ መውጣት ነው ያለው። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ስለሆነ ቃሉ ውሸትም አይደለም። የደብረ ብርሃንን ሌሊት ለሚያውቅ ሰው አምስት ጊዜ ደጅ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አልነግረውም። እንዴት ቆጠርሽው ብዬ ጠየቅኳት። የሳሎኑ በር ሲከፈት ይንጫረራል፤ እሷ አልጋ ላይ ሆና ትቆጥራለች። «ሦስት ሲሆን ዝም አልኩ። አራት ሲሆንም ዝም አልኩ። አምስት ሲሆን ላንቺ ደወልኩ።»

አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከነተሳቢው አሰብ ሲመላለስ ነው ያሳደገን። ስልኩን ተቀብሎ፣ «እርጅና ነው ባክሽ» አለና ወሬውን ወደ ልጆቼ አዞረው። እኔም አብሬው ዞርኩ። የ69 ዓመት ሰው ሌሊት ቢነሳ ምን ይገርማል አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሦስት ወር ሳይሞላ ለእህቴ ልጅ ሠርግ አዲስ አበባ መጣ። ጉንፋን ይዞት ነበር። ከሰፈር መድኃኒት ቤት አፍንጫ የሚከፍት ኪኒን ገዛሁለት። ሠርጉ ላይ ሦስት ቢራ ጠጣ፣ እስክስታም ሞካከረ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ውሃ ልጠጣ ስነሳ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። አንድ እጁ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጁ ሆዱ ላይ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል።

«አልወጣ አለኝ» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ መጀመሪያ ካርድ አውጡ ተባልን። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ በመስኮቱ ቀዳዳ፣ ኮሪደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ምኑን ነው ያመማቸው?» አለ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ኋላችን ሰልፍ አለ። «ሽንት ዘግቶታል» አልኩ። በሕይወቴ ቃሉን አባቴ ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። ልጁ ቀና ብሎ እንኳን አላየንም፤ ጻፈና ካርዱን ሰጠን።

ቱቦውን ያስገባው ተረኛ ሐኪም ከታናሽ ወንድሜ ያነሰ ልጅ ነው። ከመጋረጃው ውጪ ሆኜ፣ «አባቴ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ሽንቱ ከረጢቱ ውስጥ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ብዙ ቆየ። 1,200 ሚሊ ሊትር ወጣ። ጤነኛ ፊኛ 400፣ ቢበዛ 500 ላይ በቃኝ ይላል። ወዲያው የአባቴ ምርቃት ጀመረ። «ዕድሜ ይስጥህ። ልጆችህ ይባረኩልህ።» ልጁ፣ «ገና አላገባሁም አባቴ» አለ። «እንግዲያው ደህና ሚስት ይስጥህ!»

ለካ እኔው የገዛሁት ኪኒን ነው የመጨረሻውን በር የዘጋው። አፍንጫን የሚከፍተው መድኃኒት የደም ሥር እንደሚያጠብብ ሁሉ የፊኛን አንገት የያዘውን ጡንቻም ያኮማትራል። ቢራው ደግሞ ፊኛውን ቶሎ ቶሎ ይሞላዋል። ድሮም በቀጭኑ ያልፍ የነበረው መንገድ ተዘጋ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ማንም «ሽማግሌ ናቸው? ሽንት ያስቸግራቸዋል?» ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም «አይ» ነበር የምለው።

በሳምንቱ የዩሮሎጂ (የሽንት መስመር) ሐኪም ዘንድ ቀረብን። ሰውየው ብዙ አያወራም፤ አባቴ ሾፌር እንደነበር ሲሰማ ግን ደረሰኝ ገልብጦ ሥዕል ጀመረ። ፊኛው ሳልባትዮ ነው። ከሥሩ መስመር ይወጣል። ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ መስመሩን እንደ ቀለበት ከቦ ይቀመጣል። በወጣትነት 20 ግራም ገደማ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ያድጋል። የአባቴ በአልትራሳውንድ 68 ሆኗል።

«ማጣሪያው ተደፍኗል በለኛ» አለ አባቴ።

«ማጣሪያው ኩላሊት ነው አባቴ። ይኼ መስመሩን ከውጪ የሚያንቅ ነው። ግን መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማጣሪያውም ውሃ ቋጥሯል።»

አባቴ ደረሰኙን ተቀብሎ ብዙ አየው። ከዚያ የልቡን ጠየቀ። ከሚሌ እስከ አሰብ በረሃውን ሽንቱን ቋጥሮ ስለሚነዳ ይሆን ይህ የመጣው? ሐኪሙ አይደለም አለው። ዕድሜና የወንድ ሆርሞን ነው። በ50ዎቹ ዕድሜ ካሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ ዕጢው ማደግ ይጀምራቸዋል፤ 80 ላይ ያላደገበት ጥቂት ነው። ሁሉም ግን አይታመምም። አባቴ ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ለካ ለዓመታት ራሱን ሲወቅስ ኖሯል።

ስለ ቱቦውም ጠየቀ። አባቴ ስለ ዕቃ ካልጠየቀ አይሆንለትም። ፎሊ ይባላል፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው አሜሪካዊው የዩሮሎጂ ሐኪም ፍሬድሪክ ፎሊ ነው። ጫፉ ላይ ፊኛው ውስጥ ከገባ በኋላ በውሃ የሚነፋ ትንሽ ኳስ አለው፤ እሱ ነው እንዳይወጣ የሚይዘው። የአባቴ ቱቦ ቁጥር 16 ነው። ሦስቱ ቁጥር አንድ ሚሊ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል። ልኬቱ የተወረሰው ሻርየር ከሚባል የፓሪስ የሕክምና መሣሪያ ሠሪ ነው። «ቁልፍ አሥራ ስድስት» አለ አባቴ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቱቦው ስም ቁልፍ አሥራ ስድስት ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ጥያቄዎቹ መጡ። ሰባት ናቸው። ቱቦው ከመግባቱ በፊት ስለነበረው ነው የሚጠየቀው፤ ሽንቱ ይቆራረጣል ወይ፣ ለመጀመር ያስምጣል ወይ፣ ከሸና በኋላ የቀረ ይመስለዋል ወይ፣ ሌሊት ስንቴ ይነሳል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ነው። አባቴ 27 አመጣ። «ጥሩ ውጤት ነው» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ።

ከሰባቱ በኋላ ግን አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ነጥቡ ለብቻው ነው የሚያዘው። «ቀሪ ዕድሜዎን እንዲህ ሆነው ይኑሩ ቢባሉ ምን ይሰማዎታል?» አባቴ መልስ አልሰጠም። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። መልሶ ለበሰው። ሐኪሙ ጠበቀ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ቆይቶ፣ «ከሰው ጋር ለቅሶ መቀመጥ ከተውኩ አራት ዓመቴ ነው» አለ።

አራት ዓመት። እኛ ኮርቶ ነው፣ ወይ ደክሞት ነው ስንል። ሰውየው ለካ ድንኳን ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ነው። ካላየ ቆሞ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይሄዳል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጤና ተቋም ሄዶም ነበር፤ ይህንንም ያን ቀን ነው የሰማሁት። እዚያ ያለው ሐኪም ዕጢውን በጣት መርምሬ ማየት አለብኝ አለው። በየት በኩል እንደሆነ ሲነገረው ኮቱን ይዞ ወጣ። ሳይሰናበት። አሁንም ያው ምርመራ ቀረበለት። ዕጢው ከፊንጢጣ ፊት ለፊት፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ነው ያለው፤ ለስላሳ ይሁን ጠጣር ለማወቅ ጣት የሚደርስበት መንገድ ይህ ብቻ ነው። ውጪ ጠበቅኩ። አንድ ደቂቃ እንኳን አልሞላም። ሲወጣ፣ «ለዚህ ነው ሁለት ዓመት የሸሸሁት?» አለ። ተናዷል፤ በማን እንደተናደደ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

አንድ ነገር ይገርመኛል። አዲስ አበባ ሽንት መቆጣጠር ላቃታቸው ሴቶች ብቻ የተሠራ ሆስፒታል ያላት ከተማ ናት። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የፊስቱላ ሆስፒታሉን የከፈቱት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ከተራዘመ ምጥ በኋላ ሽንት የሚያመልጣት ሴት ታሪክ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ተነግሯል፤ እናቴ ሳትቀር ታውቀዋለች። ሽንት አልወጣ ያለው ወንድ ግን የት ይነገርለት? ሴቶቹ ለመናገር የከፈሉትን ዋጋ አላሳንስም። ብቻ የአባቴ ጓደኞች ስለ ጨጓራቸው ቀኑን ሙሉ ያወራሉ።

ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ድንገተኛ በገባን ማግስት ሌላ ቦታ «ሙሉ ምርመራ» ብለው ደሙን ወሰዱ። ውጤቱ 9.4 መጣ። ወረቀቱ ላይ «እስከ 4» ይላል። ማንም ምንም አላስረዳኝም። ያን ሌሊት ስልኬን ይዤ እስኪነጋ ካንሰር ሳነብ አደርኩ፤ ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለባሌም አልነገርኩም። የዩሮሎጂ ሐኪሙ ቀኑን አየና ራሱን ነቀነቀ። ፒኤስኤ ዕጢው የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ካንሰር ከፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን የዕጢው ማደግም፣ ኢንፌክሽንም፣ ሽንት መዘጋትም፣ ቱቦ ማስገባትም ከፍ ያደርጉታል። ሽንቱ በተዘጋና ቱቦ በገባለት ማግስት የተወሰደ ፒኤስኤ ምንም አይነግርም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲደገም 3.2 ሆነ። የመጀመሪያውን ወረቀት ቀዳድጄ ጣልኩት። ገንዘቡስ ይሁን፤ ያን ሌሊት የሚመልስልኝ የለም።

መጀመሪያ መድኃኒት ተሞከረ። ታምሱሎሲን ይባላል፣ ማታ ማታ አንድ ፍሬ። የፊኛውን አንገት ያላላል፤ ድንገት ብድግ ሲሉ ግን ያዞራል። በሳምንቱ ቱቦው ወጣ። ጠዋት 3 ሰዓት ወጣ፣ ቀን 9 ሰዓት ላይ ያው ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ቱቦው ተመለሰ። ዘመድ ደግሞ አላረፈም። አብሽ በባዶ ሆድ፣ ተልባ፣ የገብስ ውሃ። አባቴ ሁሉንም ጠጣ። እኔ ከረጢቱን እየደፋሁ ሚሊ ሊትሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የገብስ ውሃው ቀን ቁጥሩ ጨመረ፣ እንደሌላው ውሃ ሁሉ።

ኦፕራሲዮን ይሁን ተባለ። 80 ግራም ገደማ ድረስ ያለው በሽንት መስመሩ በኩል በሚገባ መሣሪያ ይሠራል፤ ከዚያ የገዘፈው ብዙ ጊዜ ሆድ ተከፍቶ ነው የሚወጣው። የእሱ በመሣሪያ የሚሆን ነው። ቀጠሮ ያዝን። ቀኑ ሲደርስ መሣሪያው ተበላሽቷል። ሌላ ቀጠሮ። አሁንም አልተሠራም። ከፈለጋችሁ በሆድ በኩል እንሥራው አሉን። ሐኪሙ ራሱ ብትጠብቁ ይሻላል አለ፤ ሆድ ሲከፈት አልጋ ላይ የሚቆይበት ጊዜም፣ የሚፈሰው ደምም ይበዛል። ጠበቅን። ሁለት ወር ከነከረጢቱ።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ከረጢቱን በጋቢው ሥር አድርጎ ደጀ ሰላሙ ላይ ይቆማል እንጂ አይገባም። አንዳንዴ ደም ቢጤ ስለሚታይበት ነው። የንስሐ አባቱ ጠርተው ቢያናግሩትም እዚያው ደጅ ቀረ።

የቀጠሮ ቀን ወረፋ የምንጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ግን ሌላ ዓለም ነው። ጋቢ የለበሱ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሽማግሌዎች፤ በየጋቢው ሥር ከረጢት። እዚያ ማንም ስም አይጠያየቅም። «ያንተ ስንት ነው?» ይባባላሉ። «ስልሳ ስምንት።» «የኔ መቶ አሥር፣ በሆድ ነው የሚሉኝ።» ሾፌሮች ሻይ ቤት ሲገናኙ መንገዱ የት ጋ እንደተቆረጠ እንደሚነጋገሩት ነው። አባቴ በሁለተኛው ቀጠሮ ከአሥር ደቂቃ ቀድሞ ለብሶ ጠበቀኝ። መታመሙን አሁን እንደ ሥራ ይዞታል፤ አዲስ ለሚመጣው ከረጢቱን ከፊኛ ዝቅ አድርጎ መያዝ እንዳለበት ያስተምራል።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት በነበረው ቀን ሐኪሙ አንድ የምነግርዎት አለ ሲል አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ውሃ ገዝተሽ ነይ» አለ። እጄ ላይ ውሃ ነበረኝ። ወጣሁ። በኋላ አንብቤ ነው የገባኝ፤ ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ብዙ ወንዶች ዘራቸው ወደ ውጪ መፍሰሱን ትቶ ወደ ፊኛ ይመለሳል። ጉዳት የለውም፣ ስሜቱንም አያጠፋም፤ ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን ይደነግጣል። ሐኪሙ ስለነገረው፣ አባቴም ስላስወጣኝ ሁለቱንም አመሰግናለሁ።

ኦፕራሲዮኑ የሚሠራበት መሣሪያ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ማክሲሚሊያን ስተርን ኒው ዮርክ ላይ በ1926 እ.ኤ.አ. ነው ይዞት የመጣው። በቀጭን በትር ውስጥ መመልከቻ አለ፤ ጫፉ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የሽቦ ቀለበት። ቀለበቱ ዕጢውን ከውስጥ እየላገ በትንንሹ ያወጣዋል። ለማየት ደግሞ ያለማቋረጥ ውሃ መፍሰስ አለበት። በነባሩ መሣሪያ የሚፈሰው ውሃ ጨው የለውም፤ ጨው ካለው ኤሌክትሪኩ ይበተናል። ችግሩ ያ ውሃ በተቆረጡት የደም ሥሮች ወደ ሰውነት መግባቱ ነው። ብዙ ከገባ የደሙን ጨው ያቀጥናል፣ ሰውየው መቀባዠር ይጀምራል። ለዚህ ነው ሥራውን በአንድ ሰዓት ገደማ ለመጨረስ የሚጣደፉት። ለዚህም ነው ወገብ ላይ በሚሰጥ መርፌ ከወገቡ በታች ብቻ አደንዝዘው በሽተኛውን ሳያስተኙ የሚሠሩት። ያወሩታል። ንግግሩ ከተሳከረ ያቆማሉ።

አባቴን ማደንዘዣ የሰጠችው ባለሙያ ሾፌር መሆኑን ሰምታለች። «አባባ፣ እስቲ አሰብ ይውሰዱኝ» አለችው። ከአዲስ አበባ ተነሳ። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት። ኮምቦልቻ ላይ ምሳ አበላት። ባቲ ላይ ጎማ ፈተሸ። «ሎጊያ ስደርስ ጨረሱ» ይላል እስከ ዛሬ፣ ቅር እያለው። አሰብ ሳይገባ መቅረቱ ቆጭቶታል።

አዳሩ የኔ ነበር። ሦስት መውጫ ያለው ቱቦ ገብቶለት ባንዱ ውሃ ይገባል፣ ባንዱ ይወጣል፤ ደሙ እንዳይረጋ ሌሊቱን ሙሉ ይታጠባል። ሰው ሁሉ ግሉኮስ የሚለው ከረጢት ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ጨው ውሃ ነው። እኔው ከውጪ ገዝቼ በካርቶን ተሸክሜ አስገባሁ። መጀመሪያ የሚወጣው እንደ ቀይ ወይን ነው፣ ከዚያ ሮዝ። ነርሷ፣ «ከቀላ ከረጢቱን ቶሎ ቶሎ አስወርጂው» ብላኝ ሄደች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መውጣቱ ቆመ። መግባቱ አልቆመም። አባቴ ሆዱን ያዘ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። የሚገባውን በእጄ ዘጋሁና ኮሪደሩን ሮጥኩ። የነርሶቹ ክፍል ባዶ ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው ነርስ የተገኘው። ትልቅ ሲሪንጅ ይዞ መጣ፣ ገፋ፣ ሳበ፤ ጉበት የመሰለ የረጋ ደም ወጣ። ውሃው ወረደ። «እንዲህ ያለ ያጋጥማል» አለኝ። የሚያጋጥም ከሆነ ሰው ለምን አይኖርም አላልኩትም። ድምፅ አልነበረኝም።

ሲነጋ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ወርቅማ ቢጫ ሆኗል። አባቴ አንገቱን አዘንብሎ አየውና፣ «ጠጅ ሆነ» አለ።

በሦስተኛው ቀን ቱቦው ወጣ። መታጠቢያ ቤት ገባ፣ በሩን ዘጋ። ውጪ ሆኜ አዳመጥኩ፤ አላፍርም። የሰማሁት የአንድ ወጣት ልጅ ሽንት ድምፅ ነው። ሲወጣ ምንም አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም። ተላጎ የወጣው ለፓቶሎጂ ተልኮ በሁለት ሳምንቱ ካንሰር የለውም ተባለ። ሐኪሙ ግን አሁንም በዓመት አንድ ጊዜ ይምጡ አለው። የወጣው የውስጡ ነው፤ የዕጢው ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከቀረው ከውጪኛው ክፍል ነው።

ደብረ ብርሃን ያደረስኩት በሚኒባስ ነው። ሸኖን አልፈን፣ ጫጫ ሳንደርስ፣ ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የፊት ወንበሩን ብረት ይዘው እግራቸውን ያቆላልፋሉ። እኔ አላስተዋልኩም። አባቴ ሁለቴ ዞሮ አያቸው። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «ረዳት! አቁምልኝ፣ ሽንቴ መጣ!» አለ።

ረዳቱ ሳቀ። «ፋዘር፣ አሁን ሸኖ ቆመን አልነበር?»

«መጣ አልኩህ እኮ!»

ሚኒባሱ ቆመ። አባቴ ወረደና በሩን ይዞ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ከወረድን አይቀር ይምጡ፣ ብርዱን አብረን እንቅመሰው» አላቸው። ሰውየው ቶሎ ወረዱ። በመስኮቱ አየኋቸው። ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ጀርባ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ጋቢያቸውን ነፋስ ያነሳዋል። የአባቴ ቶሎ አለቀ። ቆሞ ጠበቃቸው። ሲመለሱ መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሰማሁት።

«ሌሊትስ ስንቴ ይነሳሉ?»